የማይታዘዝ የትራይፖድ ራስ ይዤ ወደ ደብረ ኤልያስ

መተሐራ የሚኖር ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ቢላችሁ አትመኑት። ወደ አማቴ አገር ወደ ጎጃም ስሄድ ከሻንጣዬ የጎደለው ሹራብ ብቻ መስሎኝ ነበር። ተመልሼ ከወራት በኋላ ደጃፌ ላይ በካናቴራ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ፣ የጎደለኝ ሌላ ነገር እንደነበረ ገብቶኛል። ደብረ ኤልያስን የማየት ዕድል ለማይገጥማችሁ አገሩንም መንገዱንም እነግራችኋለሁ፤ ዋናው ነገሬ ግን በስንፍና የመረጥኩት አንድ ዕቃና ያመጣብኝ ጸጸት ነው።

ሥራዬ አዳኞችን መምራት ነው። ፈቃድ ይዘው የሚመጡ እንግዶችን በረሃው ዳር እያዞርኩ አውሬውን ከሩቅ ፈልጌ አሳያለሁ። ለዚህ የሚያገለግለኝ ክንድ የሚያህል፣ ባለ አንድ ዓይን አቅራቢ መነጽር አለኝ። እንዲህ ያለው መነጽር በእጅ አይያዝም፤ ትራይፖድ ላይ ይታሰራል። በሦስቱ እግሮችና በመነጽሩ መካከል ደግሞ ራስ የሚባል ክፍል አለ፤ መነጽሩን ወደ ጎንና ወደ ላይ ወደ ታች የሚያዞረው እሱ ነው። መነጽሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ራሱ ካልተለሳለሰ ለዓይን የሚደርሰው ዝላይ ብቻ ነው።

ጉዞው የተጀመረው በስልክ ነው። አማቴ አቶ ጥሩነህ ስልክ አይወዱም፤ ሲደውሉም ሰላምታቸውን ጨርሰው ዝም ይላሉ፣ ቀሪውን አንተ ፈልገህ አውጣው ማለታቸው ነው። ያን ቀን ግን ለባለቤቴ ለአስካል በቀጥታ ነገሯት። ግርማ ያንን አውሬ የሚያይበትን መሣሪያ ይዞ ለኅዳር ሚካኤል ይምጣልኝ አሉ። አስካል ምክንያቱ ወዲያው ስለገባት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። እሷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ አላገኘችም፤ ብቻዬን እንድሄድ ተስማማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ አንድ ደምሴ የሚባሉ ታናሽ ወንድም አሏቸው፤ የሚኖሩት አማቴ ካሉበት ገደል ማዶ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ደምሴ አባታቸው ተክለው በጥላው ሲቀመጡበት የኖሩትን ዋንዛ ታላቅ ወንድማቸውን ሳያማክሩ አስቆርጠው ሸጡ። አማቴ በአባታቸው አጽም ማሉ። ደምሴ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ እግሬ ሥር ካልወደቀ በቀር እሱ የሚረግጠውን መሬት አልረግጥም አሉ። በዚያ አገር በዳይ ይቅርታ የሚለምነው እንዲያ ነው። ደምሴም ከእሳቸው የማያንስ ኩራት አላቸውና ሳይመጡ ቀሩ።

ሽማግሌዎች ዝም አላሉም። አንድ ጊዜ ለአማቴ፣ ደምሴ አልጋ ይዟል፣ መሻገር አይችልም፣ አንተ ሂድለት ብለው ነገሯቸው። አማቴ ሊሄዱ በትራቸውን ሲያነሡ፣ በዚያው ሳምንት ደምሴ ገበያ መሐል ወይፈን ሲነዱ መታየታቸውን ሰሙ። ሽማግሌዎቹ የዋሹት ለማስታረቅ ብለው ነው፤ እንዲህ ያለውን ውሸት እዚያ ኃጢአት ነው የሚል የለም። አማቴ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድማቸው ከሰው አፍ የሚወጣ ነገር አያምኑም። ዘንድሮ ደምሴ በእርግጥ ደክመዋል የሚል ወሬ ሲደርሳቸው በገዛ ዓይናቸው ካላዩ ላይንቀሳቀሱ ወሰኑ።

ረቡዕ አዲስ አበባ ገባሁ። የትራይፖዴ የድሮ ራስ ባለፈው ወቅት ከመኪና ወድቆ ስለተሰነጠቀ ሌላ መግዛት ነበረብኝ። የካሜራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩና ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ረጅም እጀታ ያለው፣ በውስጡ ወፍራም ዘይት ያለበት፣ ከባድ ነው፤ ሲገፉት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሲተዉት ባለበት ይቆያል። ሁለተኛው ባለ ኳስ ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ በአንድ ብሎን የሚላላና የሚጠብቅ። ባለ ኳሱን በእጄ አዟዟርኩት፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ተሽከረከረልኝ። ባለሱቁ መነጽሬን ከላይ አስሬ እንድሞክረው መከረኝ። መነጽሩን ባረፍኩበት በእህቴ ቤት ትቼው ነበርና ሄዶ መመለሱ ታከተኝ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። በእኛ በረሃ አጋዘን በቀትር ጥላ ሥር ቆሞ ነው የሚገኘው። መነጽሩን አነጣጥራለሁ፣ ብሎኑን አጠብቃለሁ፣ እንግዳውን እጠራለሁ፣ አለቀ። የሚሄድ ነገር በመነጽር ተከትዬ አላውቅም። የጎጃሙ መንገድ ደግሞ የእግር ነው ተብያለሁ፤ ስለዚህ ቀላሉን መረጥኩ። ባዶ ራስ ሁሉ ልስልስ እንደሆነ፣ ጠባዩ የሚታወቀው ሲሸከም ብቻ እንደሆነ አላሰብኩም።

ሐሙስ ሳይነጋጋ መናኸሪያ ተገኘሁ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ ደብረ ማርቆስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ነበሩ፤ ፍቼን ሳናልፍ ግማሽ ዳቦ ቆርሰው ሰጥተውኛል። እኛ አገር አውቶቡስ ውስጥ ሰው መስኮት ለማስከፈት ይጣላል፤ እዚህ የሚጣላው ለማስዘጋት ነው። አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሲመጣ እኔ ብቻ ነበርኩ ቤቱ የደረሰ ሰው የመሰልኩት። ሹራብ የለበሰው ሁሉ ሲያወልቅ እኔ በደስታ ተንጠራራሁ። ደጀን ስንወጣ ግን ተራው የእኔ ሆነ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ መነጽሩንና ትራይፖዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የመሣሪያ ማነጣጠሪያ ነው ብሎ አውርዶ አቆመኝ። የሥራ መታወቂያዬን ባሳየውም የአደን የሚለው ቃል ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ያኔ እኒያ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱና፣ የእኔ ልጅ ነው፣ ሰርግ ቪዲዮ ነው የሚያነሣ አሉት። ሰውየው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አይቶ ለቀቀኝ። አይቻቸው የማላውቅ እናት ስለዋሹልኝ ከልቤ ደስ አለኝ፤ መንገዱን ሁሉ ስስቅ ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ቀይ፣ ለስላሳ ሴት ነች። ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥታኝ ስንቀጠቀጥ ብታይ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። እራት ቅቤ የበዛበት ሽሮ ነበር፤ እኛ ቤት ሽሮ ውስጥ ቅቤ የሚገባው እንግዳ ሲመጣ ነው፣ እዚህ እንግዳም ባይኖር ይገባል መሰለኝ። ከእራት በፊት በረንዳው ላይ መነጽሬን አዲሱ ራስ ላይ አስሬ የከተማውን መብራት ልሞክርበት ብዬ ብሎኑን ሳላላው፣ መነጽሩ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ። ጨበጥ አድርጌ ቀስ ብዬ ልገፋው ስል ደግሞ እምቢ አለና፣ ኃይል ስጨምር ዘለለ። ኳሱ የመነጽሩን ክብደት አልቻለውም።

ከፔንሲዮኑ ሥር አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ጎልማሳ ነው፤ ደረጃው ላይ ስንጋጭ አይቶኝ፣ ምን እንደቸገረኝ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወደ ውስጥ ገብቶ ባለ ዘይቱን፣ ባለ እጀታውን የራሱን ትራይፖድ አወጣ። እስከ እሁድ ሥራ የለኝም፣ ይዘኸው ሂድ፣ ስትመለስ ታመጣልኛለህ አለኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ዕቃው ያለ ድምፅ ተከተለው።

አልወሰድኩም። የሰው ዕቃ ገደል ለገደል ይዤ መንከራተቱን ፈራሁ፣ ክብደቱም አስጠላኝ። ከሁለቱ የሚብሰው ግን ኩራቴ ነው። ዕድሜዬን በመነጽር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በእኔ እጅ ይበቃል አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ መልካም መንገድ ተመኘልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሰጠውም፤ እኔ ባለሱቁን ቆጥሬ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶኝ ሁለቱንም ገፋሁ።

ዓርብ በሚኒባስ ደብረ ኤልያስ ገባሁ። የጤፉ ማሳ ግራና ቀኝ ወርቅማ ሆኖ ተኝቷል፤ የእኛ የሸንኮራ ማሳ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነውና ምድር እንዲህ ስትበስል ማየት ለእኔ ብርቅ ነው። ከከተማው እስከ አማቴ መንደር ድረስ በእግር ሄድኩ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ የማን እንግዳ እንደሆንኩ ይጠይቃሉ፤ የጥሩነህ አማች መሆኔን ስነግራቸው ሻንጣዬን ተቀብለው ትንሽ ይሸኙኛል። ስደርስ የአማቴ ሚስት እትዬ ውባለም ውሃ አሙቀው፣ አይሆንም ብዬ ብለምናቸውም እግሬን አጠቡኝ። የጾም ቀን ነበርና ድንች ወጥና ተልባ በላን።

አማቴ ሲበሉም ዓይናቸው ሻንጣዬ ላይ ነበር። ምሳው ሳይነሣ ገደሉ አፋፍ ወሰዱኝ። ማዶ ቅዱስ ሚካኤል በዛፍ ተከቦ ተቀምጧል፤ እሳቸው ክርስትና የተነሡበት፣ ከመሐላው ወዲህ ያልሳሙት ቤተ ክርስቲያን ነው። በባዶ ዓይን ከዚህ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ከድንጋይ አይለይም። ትራይፖዱን ተከልኩ፣ ጉልላቱ ላይ አነጣጠርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ጠራኋቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን አስጠጉ።

"ደወሉን ለውጠውታል" አሉ በመጨረሻ። "የዱሮው ይሻል ነበር።"

ጉልላቱ አይሄድም፣ ደወሉም አይሄድም፤ ስለዚህ የእኔ ራስ የዋለበትን ሥራ በሚገባ ሠራ። እኔም ተጽናናሁ። አማቴ ቀና ብለው ፍርዳቸውን ነገሩኝ።

"ነገ ታቦቱ ሲወጣ እሱ አይቀርም። አንተ ታውቀዋለህ፣ አሳየኝ። ከጎበጠ መሐላዬን ጥዬ እኔ እወርዳለሁ፤ የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን እንደቃሌ ይሁን፣ ድንጋዩን ይዞ ይምጣ።"

ደምሴን በሰርጋችን ቀን አውቃቸዋለሁ። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ከፍ ያለ ነው። አማቴ ወንድማቸው ይመጣል ብለው ከልጃቸው ሰርግ የቀሩበት ቀን ስለሆነ የደምሴ መልክ አይጠፋኝም።

ቅዳሜ የሚካኤል ዕለት አማቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ እህል ሳይቀምሱ አፋፉ ላይ ቀደሙኝ። እትዬ ውባለም ከኋላችን ቆሙ። ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሕዝቡ በዛፎቹ ውስጥ አይታይም፣ ገደሉ ፊት ባለችው ገላጣ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው ለእኛ የሚገለጠው። እልልታው ከሰዉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።

በመጀመሪያው ዙር እኔ ፈለግኳቸው፣ አገኘኋቸውም። ደምሴ ከሕዝቡ መጨረሻ ነበሩ። ወገባቸው ታጥፏል፣ በትር ይዘዋል፣ አንዲት ወጣት ሴት ክንዳቸውን ደግፋለች። ያ ከፍ ያለ ግራ ትከሻ ባይኖር እኔም አላውቃቸውም ነበር። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፣ አማቴ ይህን አይተው ሊሻገሩ ነውና። ቦታውን ለቅቄ ለእሳቸው እስክሰጥ ግን ሕዝቡ ዛፍ ውስጥ ገባ።

በሁለተኛው ዙር ገና ከዛፉ ብቅ ሲሉ ያዝኳቸው። ብሎኑን አጥብቄ አማቴን ጠራሁ። በርጩማው ላይ እስኪመቻቹ፣ ዓይናቸውን እስኪያስጠጉ ደምሴ በዝግታቸውም ቢሆን ከመነጽሩ ወጥተው ነበር። አማቴ አለፈ አሉኝ። ከጎን ሆኜ ብሎኑን አላላሁና ልከተልላቸው ገፋሁ። ኳሱ እምቢ አለ። ጨመርኩ፣ ዘለለ። ሊደፋ ሲል ቀለብኩት፣ ወደማላውቀው ቦታ መለስኩት፣ አጠበቅኩት። እሳቸው ዓይናቸውን ከመነጽሩ አላነሡም፤ እኔ እንዳላይ ጭንቅላታቸው ጋርዶኛል።

"ተው፣ አትንካው፤ አገኘሁት" አሉ።

እጄን ከብሎኑ አነሣሁ። እትዬ ውባለም ከኋላ ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ።

"ጥቁር ካባ ደርቧል። ፂሙ ሸብቷል እንጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ምንም አልሆነም።"

ጥቁር ካባ የለበሱት ደምሴ አልነበሩም። በመጀመሪያው ዙር ከደምሴ ፊት ሲሄዱ ያየኋቸው፣ በዕድሜ የሚመስሏቸው ሌላ ሰው ናቸው። ስህተት ነው፣ ራሱ ዘሎብኝ ነው፣ ደምሴ ከኋላ ናቸው፣ በትር ይዘዋል፣ ሰው ደግፏቸዋል እያልኩ ተንተባተብኩ። አማቴ ከበርጩማው ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"አንተም ሽማግሌ ሆንህ" አሉኝ።

ሦስተኛው ዙር መጣ። ልመናዬን ትቼ መነጽሩ ላይ ተደፋሁ። ደምሴ ገላጣው ላይ ደርሰው ከሕዝቡ ወጡ፣ ልጅቷን አስቆሟት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ እኛ አፋፍ ፊታቸውን መለሱ። ቆሙ። የቆመ ነገር ለእኔ ራስ ቀላል ነው፤ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ፊታቸው መሐል ላይ ቁጭ አለ። አባባ ይምጡ፣ ቆመዋል፣ ወደ እርስዎ እያዩ ነው ብዬ ለመንኳቸው። እትዬ ውባለምም ለመኑ። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ቤት ሄዱ፤ በዓይኔ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አልታለልም አሉ። እትዬ ውባለም ተቀምጠው አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደምሴ ታቦቱ እስኪገባ እዚያው ቆመው ነበር።

በዓሉ በዓል ነውና ጠላ ተጠጣ፣ በግ ተበላ። ጎረቤቶች መጥተው አስቀምጠውኝ ስለ በረሃው አውሬ ጠየቁኝ፤ እኔም እየተጫወትኩ መለስኩ። አማቴ የሥጋውን ብልት እየመረጡ ያጎርሱኝ ነበር። ገደሉን ወርጄ ደምሴን ይዤ ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር። የእሳቸው ጉልበት ግን ያንን አቀበት እንደማይወጣው እኔም እትዬ ውባለምም እናውቃለን።

እሁድ ተመለስኩ። እትዬ ውባለም ለአስካል ማርና ቅቤ ቋጥረው ሰጡኝ፣ አማቴ እስከ ወራጁ ውሃ ድረስ ሸኙኝ፣ መርቀውም ሰደዱኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የፎቶ ቤቱ ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነበር አልኩት።

ከወር በኋላ ባለ ዘይቱን ገዛሁ። መነጽሬን አስሬ ደጃፌ ላይ ተክዬው የሸንኮራ ጫኝ መኪኖችን እከተልበታለሁ። በጣት ይታዘዛል፣ አይዘልም፣ አይደፋም። አስካል አንድ ቀን አይታኝ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች።

ደምሴ ከጥምቀት በኋላ አረፉ። አማቴ ለቀብሩ አልሄዱም፤ መርዶውን ሰምተው ቤት ዘግተው ተቀመጡ አሉን። ለአርባው ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው ስለነበር የመንደሩ ሰው በቃሬዛ አሻገራቸው። እትዬ ውባለም እንደነገሩን አማቴ ከገዛ ደጃቸው ድንጋይ አስነሥተው አጠገባቸው አስጫኑ፤ ከመቃብሩ ሲደርሱ አንገቴ ላይ አድርጉልኝ አሉ።

በማግሥቱ አማቴ ደወሉ። ከአስካል ጋር ሰላም ተባብለው እኔን ፈለጉ። እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ፣ እኔም ምን ፈልጌ እንደማወጣ ጠፋኝ።

"ግርማ" አሉ ቆይተው። "ያን ዕለት ቆሟል ያልኸኝ እውነትህን ነበር?"

"እውነቴን ነው፣ አባባ። ታቦቱ እስኪገባ ቆመው ነበር።"

"እኔን አይቶኛል?"

ከዚያ ገደል ማዶ በባዶ ዓይን ሰው ከድንጋይ እንደማይለይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

"አይተውዎታል፣ አባባ" አልኳቸው።

ይህን አመኑኝ።